በነጭ ላይ በነጭ የተጻፉ አርባ አንድ ስሞች

ለክቡር አቶ ዝድራቭኮ ፔንቼቭ፣
የከተማችን ማዘጋጃ ቤት የማኅበራዊ አገልግሎት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ የአክብሮት ሰላምታዬን እያቀረብኩ ጤናዎ እንደተጠበቀ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ባይጠበቅ እንኳ ነርስ እስክትመጣልዎ ዘጠና ቀን የሚጠብቁ ሰው እንዳልሆኑ ማወቄ ያጽናናኛል።

ቤታቸው ድረስ ነርስ እንድትመጣላቸው ያመለከቱ አረጋውያን የተመዘገቡበትን የኤክሴል ሰንጠረዥ በየማለዳው የሚያቀልመውን አጭር ኮድ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፍኩት እኔ፣ ቲሆሚር ባንቼቭ፣ እንደሆንኩ አይዘነጉትም። አዲስ ያመለከተ ሰው ሳጥኑ አረንጓዴ፣ ወር ያለፈው ቢጫ፣ ዘጠና ቀን ያለፈው ቀይ ይሆን ነበር። ነርሳችን ቢስትራም ዝርዝሩን አትማ ከቀዩ ትጀምር ነበር። አሁን ወደ ምስጋናዬ ልግባ።

አንደኛ፣ ስለ ውበት አዋቂነትዎ አመሰግናለሁ። ወይን በሚለቀምበት ሰሞን ተቆጣጣሪዎች ሊመጡ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ከኋላዬ ቆመው ስክሪኑን አዩና «ምንድነው ይሄ፣ ሥጋ ቤት አስመሰልከው እኮ! ይሄን ቀይ አጥፋልኝ» አሉኝ። ሰዎቹንስ ምን ላድርጋቸው ብዬ ብጠይቅ «ሰርዝ ማን አለህ? ብቻ አይታዩ» አሉ። እኔም ዘጠና ቀን ያለፈው ሁሉ ሳጥኑም ነጭ፣ ጽሑፉም ነጭ ይሁን የሚል አንድ መስመር ጨመርኩ። አንድም ሰው አልተሰረዘም፤ ሁሉም በየቦታው ነበር፣ አይታይም እንጂ። ተቆጣጣሪዎቹም አመስግነውዎት ሄዱ።

ሁለተኛ፣ ስለ ጽናትዎ አመሰግናለሁ። እንግዶቹ ሲሄዱ ያችን መስመር ላውጣት ብዬ ቢሮዎ ብመጣ «ቲሾ፣ ያማረውን ነገር ምን ያስነካካሃል? ተወው» አሉኝ። ተውኩት። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለውን ሳላውቅ ቀርቼ አይደለም፤ እንጀራዬን ፈርቼ ተውኩት።

ሦስተኛው ምስጋና አይደለም። ከእኔ በታች ባለው ፎቅ ወይዘሮ ራይና ኩትሳሮቫ ይኖሩ ነበር፤ ማባዛትና ማካፈል ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ስኳር ያቆሰለውን እግራቸውን ነርስ እንድታጥብላቸው ገና ቼሪ ሲደርስ፣ ከወይን ለቀማው ከሦስት ወር በላይ ቀደም ብለው፣ አመልክተው ኖሯል፤ ተማሪዬን አላስቸግርም ብለው ለእኔ አልነገሩኝም። የመጀመሪያው በረዶ የወረደ ዕለት ቢስትራን ደረጃ ላይ አግኝተው «የኔ ልጅ፣ ተራዬ መቼ ነው?» አሏት። እሷም ወረቀቱን አገላብጣ «እማማ፣ ስምዎ እኮ የለም፤ እንደገና ያመልክቱ» አለቻቸው። «አለሁ እንጂ! በገዛ እጄ ፈርሜ!» ብለው ሳቁ አሉ። ይህን ኋላ ላይ የነገረችኝ እያለቀሰች ነው። በዚያ እግር ማን ማዘጋጃ ቤት ድረስ ይሄዳል?

መሞታቸውን እንደ ሁላችንም ከበር ላይ አነበብኩ። በሕንፃችን መግቢያ፣ እንደ አገራችን ልማድ፣ ፎቶግራፋቸው ያለበት የሞት ማስታወቂያ ተለጥፏል፤ ስማቸው በደማቅ ጥቁር ተጽፏል። ቢሮ ገብቼ የሰንጠረዡን ጽሑፍ በሙሉ ጥቁር አደረግኩት። አርባ አንድ ስም ብቅ አለ። አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ እሳቸው ነበሩ። ኮዴ ቀን ይቆጥራል እንጂ ስም አያነብም፤ እኔ ግን ማንበብ እችል ነበር፣ አላነበብኩም። ይህ የእርስዎ ጥፋት አይደለም፣ የኔ ነው።

በማግስቱ ኮዱ መልሶ ነጭ ቀባቸው። መስመሯን ላጠፋ ብሞክር የይለፍ ቃሌን አስቀየሩብኝ፤ ያተምኩትን ዝርዝር ለቢስትራ ብሰጣት «ከቢሮ ባልወጣ ወረቀት አትሥሪ» ብለው ከለከሏት። ስለዚህ ጥንቃቄዎም አመሰግናለሁ። አርባዎቹ ግን እስከ ዛሬ እየጠበቁ ነው።

ነገ የወይዘሮ ራይና አርባ ነው። ንፍሮው ለሁሉም ይበቃልና ቢመጡ ደስ ይለናል፤ ማንም እንዳላየዎ ሆኖ ያልፍዎታል፣ ልማዱን ከእርስዎ ተምረናል።

ያዘዙትን ሁሉ የፈጸመው፣ በመፈጸሙም የሚያፍረው፣
የቀድሞ ታዛዥዎ
ቲሆሚር ባንቼቭ

ከፈረምኩ በኋላ የጨመርኩት፦ ሰንጠረዡን ይክፈቱ፤ ገጹን በሙሉ ይምረጡና ጽሑፉን ጥቁር ያድርጉት፤ ከዚያም አትመው ለቢስትራ ይስጧት። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ካልተመቸዎም ግድ የለም፤ ስሞቹ አንድ በአንድ፣ በየበራቸው ላይ፣ በጥቁር ይወጣሉ።