የፓፓ ኮት

ቅዳሜ፣ ሐምሌ 9 ቀን 1975። ከምሽቱ 2፡00

ዛሬም ፓምፕ ስፈታና ስገጥም ዋልኩ። ገጽህን ግሪስ አስነካሁህ፣ ይቅርታ ማስታወሻዬ። ዝዋይ ያለው የመንግሥት እርሻ ጣልያን አገር የላከኝ ለሥልጠና ነው። እማዬ ከናዝሬት የሸኘችኝ ግን ለሌላ ጉዳይ። ፓፓን ፈልገህ አምጣልኝ ብላ። ከስምንት ዓመት በፊት ጋራዡ ሲወረስ፣ እወስዳችኋለሁ ብሎ አገሩ ጣልያን ገባ፤ ከዚያ ወዲህ ድምፁ የለም። ትቶት የሄደውን ኮት ዛሬም በየመስከረሙ ፀሐይ ታስመታለታለች፣ ብል እንዳይበላው ናፍታሊን ትጨምርበታለች። የመቂው ሽንኩርት ነጋዴ ጋሽ ቱፋ ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ላኩ። ሁለቴም ባል አለኝ ብላ መለሰቻቸው።

ነገ ዕረፍት። የፓፓ ከተማ በባቡር ቅርብ ነው አሉ። እሄዳለሁ።

እሑድ፣ ሐምሌ 10። ከቀኑ 5፡30፣ ባሕሩ ዳር

ፓፓ ናዝሬት በረንዳችን ላይ ተቀምጦ ያወራልን የነበረው ከተማ ይሄ ነው? ዓሣ አጥማጅ የለም። የጥንቱ ምሽግ ሥር አይስክሬም ይሸጣል። ግንቡ ላይ የተሰጣው መረብ ሳይሆን የዋና ልብስ ነው። አሸዋው በገመድ ተከፋፍሏል፤ ለመቀመጥ ይከፈላል። ሶደሬ እንኳ በር ላይ ከፍለህ ትገባለህ፣ አለቀ። እዚህ ጃንጥላው ለብቻ፣ ወንበሩ ለብቻ። ገና ሳላገኘው ተናድጃለሁ።

የቤተሰቡን ስም እየጠራሁ ጠየቅሁ። አንዲት ሴትዮ በጣቷ አሳየችኝ። ጃንጥላ አከራዩ እሱ ነው።

ከምሽቱ 1፡00፣ ባቡር ውስጥ

ባቡሩ ያንገጫግጨኛል። ጽሑፌ ካልተነበበ አይነበብ።

ወፍሯል። ወዲያው አወቀኝ፣ ፊቱ ተለዋወጠ። አጠገቡ ሚስቱ። አዎ፣ ሚስቱ። ለትምህርት ቤት የደረሰች ልጅም አለቻቸው። እኔን ምን ብሎ አስተዋወቀኝ መሰለህ? አፍሪካ ሳለሁ ጋራዤ ውስጥ ይሠራልኝ የነበረ ልጅ። ጣልያንኛ ያስተማረኝ ራሱ መሆኑን ረስቶ። ሴትዮዋ ደግ ናት፤ ቀዝቃዛ የሎሚ ጭማቂ ሰጠችኝ። ጠጣሁት። መጠጣቴ አሁን ድረስ ያንገበግበኛል።

ጃንጥላ እንጠፍ ብሎ ወደ ዳር ወሰደኝ። አማርኛው ያው የናዝሬቱ ነው። ለእናትህ ታሟል በላት፣ ሲሻለው ይመጣል በላት አለኝ። ለምን እውነቱን አትነግራትም? አልኩት። ልቧ ይሰበራል አለ። ልቧ ዛሬ ትዝ አለው። እስከ መቼ ትጠብቅህ ስለው የመለሰልኝን እንዳለ ልጻፈው፦ «እሷ እኮ መጠበቅ ታውቅበታለች።»

ጃንጥላውን አሸዋው ላይ ጥዬለት መጣሁ። ደህና ሁን አላልኩትም።

ሰኞ፣ ሐምሌ 11። ጠዋት

እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። በእማዬም ተናደድኩ፤ ምን አስቀመጣት ብዬ። ከዚያ አሳዘነችኝ። ታሟል ብላት የምታደርገውን አውቃለሁ። ስለት ትሳላለች። ባቡርም መኪናም ተሳፍራ ቁልቢ ድረስ ትሄድለታለች። እሱ እዚያ ጃንጥላ ሲዘረጋ፣ እሷ ለጤናው ተንበርክካ። ይሄን ሳስብ ደሜ ፈላ።

ስለዚህ ወስኛለሁ። በነሐሴ መጨረሻ ስገባ፣ ጎረቤት እንኳን ደህና መጣህ ሊል ሳይሰበሰብ፣ በሩን ዘግቼ ሁሉንም እነግራታለሁ። ታልቅስ። ከፈለገች እኔንም ትስደበኝ። የጋሽ ቱፋ ሽማግሌዎች እንደገና ከመጡ በሩን የምከፍትላቸው እኔ ነኝ። እምቢ ማለት መብቷ ነው። ባል አለኝ ብላ ግን አይደለም።

ኮቱንም መስከረም ሳይጠባ ከመስቀያው አወርደዋለሁ።