ዳማ ዳገት እምቢ ያለችበት ምክንያት

የኔ አባት፣

ከተለየኸን እነሆ ዓመት ሊሞላ ነው። እማዬ ለሙት ዓመትህ ዝክር ከአሁኑ ሽር ጉድ ጀምራለች። እኔ ደግሞ አንድ ነገር ምላሴ ላይ እየመጣ፣ ለሌላ ሰው ብነግረው ስለማይገባው፣ ይኸው ለራስህ ልጽፍልህ ተቀመጥኩ። አንቱ እንድልህ ፈቅደህልኝ አታውቅምና አሁንም አንተ እያልኩ ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ልንገርህ። ሰሚት እንዳለ ነው፤ ከፊት ለፊታችን ባዶው ቦታ ላይ ፎቅ ተጀምሮ የጠዋት ፀሐይህን ጋርዶታል። እማዬ ጥቁሯን አላወለቀችም። አንተ ዜና በምትሰማበት ሰዓት ሬዲዮኑን ትከፍትና ሳትሰማው ወጥ ቤት ትገባለች። እኔም ያው ቦሌ ለሚ ፋብሪካው ውስጥ የተሰፋ ሸሚዝ እየገለበጥኩ ጉድለት እፈልጋለሁ። አንተ እንዳልከው የክር ፖሊስ ሆኜ ቀርቻለሁ።

ዳማ ግን ልትሸጥ ነበር። በሥራ ዘመንህ ለውሃ ቁፋሮ አገር ያዳረስክባት፣ ጡረታ ስትወጣ ከመሥሪያ ቤትህ በጨረታ የገዛሃት፣ ቀለሟን አይተህ የፈረስ ስም ያወጣህላት ያቺ አሮጌ ናፍጣ መኪናህ። ለአርባህ ከላምበረት በላይ ወዳረፍክበት ቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ዳገቱ መሐል ላይ አቅም አጣች። አራቱም ጎማ እንዲስብ ማርሹን ባስገባም እየተንቀጠቀጠች ተጎተተች እንጂ አልወጣ አለች። ከኋላችን የተሰለፈው ሚኒባስ ሁሉ ጥሩምባ ነፋብን። እማዬ በሐፍረት ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ፣ ትሸጥ፣ እሷም ከሱ ጋር ሞታለች አለች።

እኔ ግን መሸጡን አልፈለግኩም። ለምን እንደሆነም ለእማዬ መናገር አልቻልኩም። አንተን ይዘን ወደ ሆስፒታል የሄድን ዕለት ዳማ ለምን እንዳልሮጠችልኝ ሳላውቅ ለሌላ ሰው አሳልፌ መስጠት አቃተኝ።

ታስታውሳለህ፣ ዓይንህ ሲደክም ቁልፉን ለኔ የሰጠኸኝን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነው ዳማ የተለወጠችው። ድሮ አንተ ስትነዳት ዳገት ስታይ እንደ መደሰት ይላት ነበር፤ በኔ እጅ ግን ለገመች። ያላንተ እጅ አኩርፋለች እያልን እንስቅ ነበር። አንተም አብረህ ትስቅና፣ አርጅታለች፣ አታጣድፊያት ትለኝ ነበር። ጋራዥ ልውሰዳት ስልህ ፊትህ ይለወጣል። ምንም አልሆነችም፣ እነሱ ደህናውን ፈተው ነው የሚያበላሹት ትላለህ። አምኜህ ነበር።

ያን ዕለት ትንፋሽህ ሲያጥር አጠገቤ አስቀምጬህ ነዳጁን እስከ መጨረሻው ረግጬ ነበር። ዳማ ግን እንደ ሙሽራ መኪና ቀስ ብላ ነው የሄደችው። አሸዋ የጫነ ሲኖ እንኳ ጥሎን ሄደ። አንተ ደግሞ ደጋግመህ ወደ እግሬ ታጎነብስ፣ እጅህን ወደ ታች ትሰድ ነበር። እየወደቅክ መሰለኝ። እጅህን ይዤ ጭንህ ላይ መለስኩት፤ እንደገና ሰደድከው፣ እንደገና መለስኩት። ባስቸገርከኝ ጊዜ የመቀመጫ ቀበቶህን አጠበቅኩብህ። ከደረስን በኋላ ብዙም አልቆየህልንም። ሐኪሙ ቀድማችሁ ብትመጡም ለውጥ አልነበረውም አለኝ። እውነቱን ይሁን ሊያጽናናኝ እስካሁን አላውቅም።

ከአርባህ በኋላ ገርጂ ያለ ጋራዥ ወሰድኳት። የናፍጣ ማጣሪያው ተቀየረ፣ የአየሩም ተቀየረ፣ ታንከሩ ታጠበ፤ ያው ናት። ናፍጣ የሚገፋው ፖምፓ ተፈትቶ ተመረመረና ጤነኛ ነው ተባለ። መካኒኩ በመጨረሻ ሞተሩ ደክሟል፣ ሌላ ፈልጊ አለኝ። አንተ ብትሰማው ኖሮ የምትለውን አውቃለሁ፤ ደብዳቤ ላይ ግን አይጻፍም።

እኛ ፋብሪካ ኮሌታ ተጣሞ ከመጣ ኮሌታውን አንነካካም፤ ከየትኛው እጅ ላይ እንደተጣመመ ወደ ኋላ እየሄድን እንፈልጋለን። እኔም አንድ ነገር ከነከነኝ። ዳማ ዳገት ላይ ስታቃስት ጭስ የላትም። አየር ያነሰው ናፍጣ መኪና ጥቁር ጭስ ያወጣል ያልከኝ አንተ ነህ። ጭስ ከሌላት አየር ሳይሆን ናፍጣ ነው የማይደርሳት። ማጣሪያው አዲስ ነው፣ ፖምፓውም ደህና ነው፤ ታዲያ ማን ነው የሚከለክላት?

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ግቢ ውስጥ ኮፈኗን ከፍቼ፣ ሞተሩን አስነስቼ፣ ፖምፓው ላይ ያለውን ነዳጅ መስጫ ዘንግ በእጄ ሳብኩት። አባዬ፣ አገሳች። ጎረቤት በረንዳ ላይ እስኪወጣ አገሳች። ከዚያ እማዬን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ መሪው ፊት አስቀመጥኳትና እስከ መጨረሻ ርገጪ አልኳት። ዘንጉ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ርገጪ እንጂ ስላት፣ ረገጥኩ እኮ፣ ወለሉን ልብሳው እንዴ ብላ ተቆጣች።

ምንጣፉን ገልጬ አየሁ። ከነዳጅ መርገጫው ሥር፣ ከግማሽ በላይ እንዳይረገጥ፣ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ወፍራም ቁራጭ በብሎን ታስሯል። ማን እንዳሰረው መጠየቅ አላስፈለገኝም። ማዕዘኑ በቢላ ክብ ተደርጎ ተልጓል፤ እንዳይንሻተት ብለህ በጠረጴዛችን እግር ሥር ያደረግከውም ልክ እንደዚሁ ነው።

የጭነት መኪና ባለቤቶች ቅጥር ሹፌር እንዳይሮጥባቸው ከመርገጫው ሥር እንዲህ እንደሚያስሩ የነገርከኝ አንተው ነህ። ስትነግረኝም በንቀት ነበር። ሰው ካላመንክ ለምን ቁልፍ ትሰጠዋለህ ብለህ ነበር። እማዬ ቁራጩን ተቀብላ አገላበጠችውና፣ ለኔ እንኳ ሳይነግረኝ፣ ይህ ሰውዬ ብላ መሪው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

እኔ መጀመሪያ ያየለብኝ ንዴት ነው። ከዚያ እጅህ ትዝ አለኝ። ወደ እግሬ ስትዘረጋ የነበረው፣ እኔ እየያዝኩ ጭንህ ላይ የምመልሰው እጅ። ቁራጩን ልታወጣልኝ ነበር። ለመናገር ትንፋሽ አልነበረህም፣ እኔ ደግሞ በቀበቶ አሰርኩህ። ይሄን ሳስብ የምገባበት ይጠፋኛል።

ትናንት ያለ ቁራጩ ዳገቱን ወጣነው። ዳማ ጥቁር ጭሷን ለቃ፣ ያለ ማቃሰት፣ እማዬ የበሩን እጀታ ሙጥኝ ብላ በስመ አብ እያለች፣ ሚኒባሶቹን ከኋላችን ትተን ወጣነው። መደሰት ነበረብኝ። እኔ ግን ያ ሁሉ ጉልበት ያን ዕለትም ከእግሬ ሥር እንደነበረ እያሰብኩ አለቀስኩ። ሞተሩን አጥፍቼ መቃብርህ ጋ ስንደርስ እማዬ፣ አትሸጥም አለች።

አልቀየምኩህም። ፈርተህልኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ፍርሃትህን ከምንጣፍ ሥር ከምትደብቀው ለኔ ብትነግረኝ ኖሮ ግን ምን ነበረበት? ዳገት ባየሁ ቁጥር ያን የተዘረጋ እጅህን አስታውሳለሁ፤ ዳግመኛ ጭንህ ላይ አልመልሰውም። ልጅህ እኮ ሯጭ አልነበረችም፣ አባዬ። ቀስ በይልኝ ብትለኝ ዕድሜዬን ሙሉ ቀስ እልልህ ነበር። ያን ዕለት ብቻ ነበር የምሮጠው።