ከደመና ጋር የደበቅከኝ ፀሐይ

ይድረስ ለሳሮን አባት፣

እንዴት ነህ አልልህም፤ መልሱ አይመጣልኝም። ከተለየኸን ሰባት ወር ከሁለት ሳምንት ሆነ። ይህቺን ደብዳቤ ከጀመርኩ እንኳ አራት ጊዜ ተነስቻለሁ፤ አንዴ ድስት ላወርድ፣ አንዴ በር ልዘጋ፣ ሁለቱን ጊዜ ለምን እንደተነሳሁ እኔም አላውቅ። ወንበሩ ያቃጥልሻል እንዴ እያልክ ታሾፍብኝ የለ? አሁንም ያቃጥለኛል። ካንተ ወዲህ እንዲያውም ብሶበታል።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ሳሮን በቁመት ደርሳብኛለች፤ ጫማዬን ሳታስፈቅድ አጥልቃ ትወጣለች። ኮሮና ከገባ ወዲህ ትምህርት ቤቱም ጸሎት ቤቱም ዝግ ነው፤ እኛ የመዝገብ ቤት ሠራተኞች ግን በፈረቃ ቢሮ እንገባለን። እናትህ ከሻንቶ በሚኒባስ ቦይናቸውን፣ ያን የወላይታ ጎደሬ፣ መላካቸውን አልተዉም። ደውለው በወላይትኛ በላሽ ወይ ይሉኛል፤ እኔም በተሰባበረ ወላይትኛዬ በላሁ እላቸዋለሁ። ሳልበላም ቢሆን። ጠረጴዛህን ወደ መስኮቱ አዞርኩት፣ መልሼ ወደ ግድግዳ አስጠጋሁት፣ ትናንት ደግሞ እንደገና ወደ መስኮቱ። ሳሮን ይሄ ጠረጴዛ እግር አውጥቷል ብላ ሳቀችብኝ።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ተቀይሜሃለሁ። በሞተ ሰው ላይ ቂም አይያዝም ይላሉ፤ እኔ ይዣለሁ፣ ምን ታመጣለህ?

ቦረና የሄድን ጊዜ ትዝ ይልሃል? ሳሮን ገና አምስት ዓመቷ ነበር፣ እናትህ ዘንድ ትተናት ሄድን። ሙሉ የፀሐይ ግርዶሽ አመሻሹ ላይ ለአስር ሰከንድ ያህል እዚያ ይታያል የሚል ወረቀት ከየትም አግኝተህ፣ አንድ ወር ሙሉ ስለዚያ ስታወራ ከረምክ። የፊዚክስ መምህር ማግባት እዳው ይሄ ነው አልኩ። ወዳጅህን ጋሽ ዳንኤልን ከነአሮጌ መኪናው ይዘን፣ ኮንሶ አድረን፣ ያን ሁሉ አቧራ በልተን ደረስን። እሁድ ነበር፤ ጸሎት ቤት ሳትሄድ የዋልክበት እሁድ ያን ብቻ አውቃለሁ። የዳሞታ ተራራን ደመና ሸሽተን ብንሄድ የቦረና ደመና ቁጭ ብሎ ጠበቀን። ከአድማስ እስከ አድማስ ግጥም ያለ።

አንተ ከጋሽ ዳንኤል ጋር ኮረብታ ላይ ወጥተህ፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ሰዓትህን ታያለህ። እኔ እቆማለሁ፣ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ነፋሱ አሳለህ። ከኮረብታው ሥር ሻይ የምታፈላ ሴትዮ አይቼ ስለነበር ትኩስ ነገር ላምጣልህ ብዬ ፔርሙሱን አንስቼ ወረድኩ። እውነቱን ልናገር፤ ግማሹ ለሳልህ ነው፣ ግማሹ መቀመጥ ስላቃተኝ ነው። ሴትዮዋ ሻዩን እየቀዳችልኝ አገሩ ድንገት ጠቆረ። ዶሮዎቿ ተንጫጩ፣ እሷም እጇን አፏ ላይ ጫነች። ቀና ብል ከጎጆዋ ክዳንና ከደመና በቀር የሚታየኝ የለም። ወዲያው ነጋ። እየሮጥኩ ስመጣ አንተ ጀርባህን ሰጥተህ ቆመሃል። ታየ ወይ ብልህ፣ ምን ይታያል፣ ደመና እኮ ነው አልከኝ። ሻዩን ተቀብለህ እስኪያልቅ ድረስ ጠጣህ።

እኔማ ደስ አለኝ! እንኳን አላመለጠኝ ብዬ። ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ በሰው ፊት ቀለድኩብህ፤ ደመና ለማየት ቦረና ድረስ የሄደ ሰው ይሄ ነው እያልኩ። አንተም ከሰው ጋር አብረህ ትስቃለህ።

ለቅሶህ ላይ በተቀመጥን በሦስተኛው ቀን ጋሽ ዳንኤል ድንኳን ውስጥ አጠገቤ ተቀምጦ ነበር። ሊያጽናናኝ ብሎ ጀመረው። አደራ ብሎኝ ነበር፣ እንግዲህ አሁን እሱም የለ አለና ነገረኝ። ለካ ደመናው ተከፍቷል። ጥቁር ክብ፣ ዙሪያዋን ነጭ ብርሃን የከበባት፣ ቁልጭ ብላ ታይታለች። ለካ አንተ ስሜን እየጠራህ ቁልቁል ሮጠሃል። ግማሽ መንገድ ሳትደርስ ደመናው ተመልሶ ገጠመ፣ ነፋሱም ድምፅህን ወሰደው። ለእሷ እንዳትነግራት ብለህ አስምለኸዋል። ሰው ሁሉ አልቅሺ፣ ይውጣልሽ ይለኛል፤ እኔ ግን በንዴት እንባዬ ደርቋል።

አንተም ለእኔ ምለህልኝ ነበርና ነው። አባቴ ደሴ ላይ ሲያርፍ አንተ በስልክ ሰምተህ፣ አራስ ናት ብለህ፣ መርዶውን ሦስት ቀን ይዘኸው ከረምክ። እያየኸኝ ትስቃለህ፣ ልጅ ታባብላለህ፣ ሆድህ ውስጥ ግን የአባቴ ሞት አለ። ሽማግሌዎቹን በጠዋት ይዘህ ስትገባ ከመርዶው እኩል ያንተ ዝምታ ነው ያቃጠለኝ። ያኔ ሁለተኛ ምንም ነገር ላልደብቅሽ ብለህ ማልክልኝ፣ በሳሮን። ታዲያ ይሄ ምንድን ነው? ሰባት ወር ሙሉ ፎቶህን ባየሁ ቁጥር ይህንን ነው የምጠይቅህ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው በእኔ ደረሰ፤ ለአንድ ፔርሙስ ሻይ ስል ፀሐይቱ አመለጠችኝ። ይሁን። መደበቁ ግን ለምን አስፈለገ?

ባለፈው እሁድ ደግሞ ጠዋት ግርዶሽ አለ ተባለ። ቀለበቱ የሚታየው ወደ ላሊበላ ነው፤ እኛ ጋ፣ ሶዶ ላይ ግን፣ አብዛኛዋ ትሸፈናለች አለችኝ ሳሮን፣ ከደብተርህ አንብባ። ቀደም ብለህ ጽፈኸው ኖሯል። ከሥሩ ደግሞ፣ ሦስታችን፣ ግቢያችን ውስጥ፣ ይላል። ያቺን መስመር አይቼ ወጥ ቤት ገባሁና ምንም ሳልሠራ ወጣሁ።

ልጅህ እንዳስተማርካት ካርቶን ቆርጣ፣ በመርፌ በስታ፣ ከማለዳው ጀምሮ ግቢ ውስጥ ተሰየመች። ዳሞታ ግን እስከ እግሩ ደመና ለብሶ ነው ያደረው፣ የሰኔ ነገር። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። እኔ በርጩማዬ ላይ ሁለት እጄን ጭኔ ሥር ቀብሬ ተቀመጥኩ፤ ዛሬ ሰማይ ቢደፋ አልነሳም ብዬ። ድስቱ አረረ፣ ሸተተኝ፣ አልተነሳሁም። በሕይወቴ እንደዚያ ተቀምጬ አላውቅም። ሳሮን አየችኝና እማ፣ እየተንቀጠቀጥሽ ነው፣ ጋቢ ላምጣልሽ ብላ ገባች።

እሷ እንደገባች ብርሃኑ ደበዘዘ፣ የጎረቤት ዶሮዎች ዝም አሉ። ደመናው ሳሳ። ፀሐይቱ እዚያ ውስጥ አለች፣ እንደተገመጠ ዳቦ፣ ጠርዟ ብቻ የቀረ። ዓይንሽን እንዳትል፤ ደመናው ጋርዶልኛል፣ ደግሞ አራት እስክቆጥር ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ጠፋች።

ሳሮን ጋቢውን ይዛ ወጣች። ታየ እንዴ እማ? አለችኝ። ምን ይታያል፣ ደመና እኮ ነው አልኳት።

ያንተው ቃል! አስቤ አይደለም፣ ከአፌ ወጣ። ጋቢውን ትከሻዬ ላይ አደረገችና ጫፉን አንገቴ ሥር ሸጎጠችልኝ። እንዲህ የምታደርግልኝን ልጅ፣ ለእኔ ብለሽ ስትገቢ ነው ያመለጠሽ ልበላት? አንተስ ፔርሙስ ታቅፌ እያለከለክሁ ስመጣ ምን ልትለኝ ኖሯል? ቂሜ እዚያው ጋቢው ውስጥ አለቀ።

ዕረፍት ግን አላገኘሁም። አንተ ጠርተኸኛል፣ ሮጠሃል። እኔ ልጄን አልጠራኋትም። በሩ አምስት እርምጃ አይሞላም፤ ሳሮን ብል ትደርስ ነበር። ዳግመኛ እንዳያመልጠኝ ስል አፌን ይዤ ብቻዬን አየሁ። ከእሁድ ጀምሮ የሚያስነሳኝና የሚያስቀምጠኝ ይሄ ነው።

አንተ ነገር በሆድህ ይዘህ መኖር ትችልበት ነበር። እኔ አልችልበትም፣ ታውቀኛለህ። ቅዳሜ ሳሮንን ይዤ ሻንቶ እመጣለሁ። መቃብርህ አጠገብ ቁጭ አድርጌ ሁለቱንም እነግራታለሁ፤ ያንተንም፣ የእኔንም። ትቆጣኝ። መልስ መስጠት በምችልበት ጊዜ ትቆጣኝ።

አንተን ግን ጀርባህን ሰጥተህ እንደቆምከው አላስብህም ከእንግዲህ። ፀሐይን የሚያህል ነገር ትተህ፣ ስሜን እየጠራህ ቁልቁል የሮጥከውን ሰውዬ ነው እስክመጣ ድረስ የማስበው። ያኔ አልሰማሁህም። አሁን ሰምቼሃለሁ።

የሳሮን እናት