ሻይ ያፈላሁልሽ አንድ ቀን

የኔ ታደለች፣

ከተለየሽኝ ዘጠኝ ወር አለፈ። ሰው ሲጠይቀኝ ደህና ነኝ እላለሁ፤ አንቺን ግን ዋሽቼሽ ስለማላውቅ፣ ደህና አይደለሁም። ክረምቱ ከብዶ ነበር። የኩሽናው ጣሪያ ማፍሰስ ጀምሮ በስንት ልመና አስጠገንኩት። የጓሮውን እንሰት አረም ውጦት ነበር፤ ልጃችን ምህረት ከዱራሜ በመጣች ቁጥር ትኮተኩተዋለች። ልብሶችሽ ቁም ሳጥን ውስጥ እንደነበሩ ናቸው። ምህረት ለተቸገረ ሰው እንስጠው ብትለኝ "ቆይ" አልኳት። እስካሁንም ቆይ እንዳልኩ ነው።

ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ስለ ሻይ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ለማስተማር ከመውጣቴ በፊት ሻዬን አቅርበሽልኛል። ያንቺ እናት የሚያወሩት ከምባትኛ፣ የኔ እናት ሀድይኛ ነበር፤ እኛ በአማርኛ ተገናኘን፤ የቤታችንም ጨዋታ ሁሉ የሚጀመረው ከዚያ ከጠዋቱ ሻይ ነበር። እንዴት እንደሚፈላ ግን አንድም ቀን አልጠየቅሁሽም።

ሐኪሞቹ "ቤቷ ትረፍ" ብለው የመለሱሽ ሳምንት፣ ምህረት መድኃኒት ልትገዛ ወጥታ ሁለታችን ብቻ ነበርን። "ሻይ አማረኝ" አልሽኝ። በትዳራችን ሻይ የጠየቅሽኝ ያኔ ብቻ ነው። ኩሽና ገባሁ፤ ቀረፋው የት እንደሚቀመጥ እንኳ አላውቅም። ተመልሼ ልጠይቅሽ አፈርኩ። ቅጠሉን በእፍኜ ዘግኜ ውሃው ውስጥ ጨመርኩና እስኪጠቁር አንተከተክሁት። ትራስሽን ከፍ አድርጌ ሰጠሁሽ። ቀስ እያልሽ እስከ ታች ጠጣሽው። "ጥሩ ነው" አልሽኝ። እኔም ኮራሁ።

በኋላ ማንቆርቆሪያው ውስጥ የተረፈውን ብቀምሰው እንደ እሬት መረረኝ። መዋጥ አቅቶኝ ተፋሁት። በአምስተኛው ቀን አረፍሽ።

ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ሻይ አልተፈላም። ጠዋት ጠዋት መናኸሪያው አጠገብ ካለች ሻይ ቤት እጠጣ ነበር። ባለፈው ወር ታላቅ እህትሽ እትዬ ወርቅነሽ እንደ ወትሯቸው ዝንጅብል በፌስታል ይዘው ከሀደሮ መጡ። ያፈሉልኛል ብዬ ስጠብቅ ዱካ ስበው ተቀመጡ።

"እኔ ነገ እሄዳለሁ" አሉኝ። "ተነስና ራስህ አፍላ።"

ስንቱን ልጅ ያስተማርኩ ሰው በስተርጅና ተማሪ ሆንኩ። ውሃውን በምንጠጣበት ብርጭቆ አስለኩኝ። ዝንጅብሉን አጥቤ ወቀጥ አደረግሁት። አንድ ስንጥር ቀረፋ፣ ሁለት ሦስት ፍሬ ቅርንፉድ፣ ቅርፊቱ የተሰነጠቀ ሄል ገና ውሃው ቀዝቃዛ ሳለ ጨመርኩ። ፈልቶ ሽታው ቤቱን ሲሞላው ወደ ሻይ ቅጠሉ እጄን ሰደድኩ።

"ቆይ እንጂ። መጀመሪያ እሳቱን አጥፋ። ቅጠል ከተንተከተከ ይመራል፤ ከታገሥከው ራሱ ቀለሙን ይሰጥሃል።"

አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ጨምሬ ከደንኩት። ቶሎ ቶሎ ልከፍተው ስል ተቆጡኝ። አጥልዬ ስቀዳው ቀይ ሆኖ በብርጭቆው ማዶ መስኮቱ ይታያል። ስኳሩን ከቀመስኩ በኋላ እንድጨምር፣ ከመጠጣቴም በፊት እንዳሸተው ነገሩኝ። አሸተትኩት፤ ያንቺ ጠዋት ነበር። ብርጭቆውን አስቀምጬ አለቀስኩ።

እትዬ ወርቅነሽ እስኪወጣልኝ ጠበቁኝ። ከዚያ፣ "ያፈላህላትን ሻይ በስልክ ነግራኛለች" አሉኝ። "'ወርቅነሽ፣ ሊጠጣ የሚችል አልነበረም። ግን ኩሽና ውስጥ ለኔ ብሎ ጉድ ጉድ ሲል እየሰማሁት እንዴት ልመልሰው' አለችኝ። እየሳቀች ነው የነገረችኝ።"

ወደ ጓሮ ወጥቼ ብዙ ቆየሁ።

ታደለች፣ ከሳቅሽ እኔን ይቅር ብለሻል። ራሴን ይቅር ማለት ግን አልቻልኩም። አሁን በየቀኑ አፈላለሁ። እሁድ ከቸርች ስንመለስ ጎረቤቶች ይመጣሉ፤ ቀምሰው "ባለሙያ ሆነሃል" ይሉኛል። አመሰግናለሁ እላለሁ፤ ውስጤ ግን ይቆስላል። አንቺ አልቀመስሽውማ።

እስትንፋሴ እስካለ ድረስ ያን መራራ ሻይ እስከ ታች የጠጣሽልኝን አልረሳም። ለምህረትም ነግሬያታለሁ፤ ለልጆቿም እነግራለሁ። ይህንንም አብሬ እነግራቸዋለሁ፦ ሻይ ማፍላት ለመማር አንድ የትምህርት ክፍለ ጊዜ እንኳ አልፈጀብኝም። እኔ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት ነበረኝ።

ባልሽ ማርቆስ
ሆሳዕና