ስለ ጀልባችን ቀዳዳና ስለ ሰኞው መሰርሰሪያ

ለተከበሩ የሐይቁ ዓሣ ሀብት ልማት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ከወንበርዎ ሳይነሡ ሐይቁን ከዳር እስከ ዳር ለሚያዩበት ዐይንዎ ደኅንነትን እመኛለሁ። እኔ፣ ጽሕፈት ቤትዎ «ሞዴል ዓሣ አጥማጅ» ብሎ የሰየመኝና ፎቶዬን አጉልቶ በግቢው በር ላይ የሰቀለው ሰውዬ፣ እግዜር ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ጤናዬ ደኅና ነው ማለቴ ነው እንጂ ፊቴንስ የማሳይበት አጥቻለሁ። ጠዋት ጠዋት ወደ ጀልባ ማሰሪያው ስወርድ ያንን ፎቶ ላለማየት ብዬ በዓሣ መሸጫው ጓሮ፣ የዓሣ ሆድ ዕቃ በሚደፋበት በኩል ነው የማልፈው። ሽታው ይሻለኛል።

ይህን የምጽፈው እርስዎን ለመውቀስ አይደለም፤ እኔ ማን ሆኜ! ለማመስገን ነው። ምስጋናዬ ብዙ ስለሆነ እንዳይምታታብዎ ቁጥር ሰጥቼዋለሁ።

1. በመጀመሪያ ስለ ምርጫው አመሰግናለሁ። ነገሩን የማያውቅ ሰው ቢያነበው እንዲገባው ያህል፣ ጽሕፈት ቤትዎ የሰጠን ዓሣ ጠቋሚ የሚባለው መሣሪያ ሁለት ክፍል አለው፤ አንዱ መሪው አጠገብ የሚቀመጥ ስክሪን ነው፣ ሌላው ውኃ ውስጥ ሆኖ ድምፅ ወደ ታች እየላከ የገደል ማሚቶውን የሚሰማ፣ ቡጢ የሚያህል ዕቃ ነው፤ እኛ «ጆሮ» እንለዋለን። ጆሮውን ከጀልባዋ ኋላ፣ ከሞተሩ ፈንጠር አድርጎ፣ በማንጠልጠያ ብረት በሁለት ብሎን ማሰር ይቻላል፤ ቦታው ካልተስማማው ፈትቶ ማዛወር ነው። ወይም የጀልባዋን ሆድ በስቶ ማሳለፍ ይቻላል፤ ይኼኛው ግን አንዴ ከተበሳ ተበሳ ነው። ጀልባዋን ከአባታችን አብራኝ የወረሰችውና መሪዋን የምትይዘው ታላቅ እኅቴ፣ እባካችሁ ከኋላ ይንጠልጠል ብላ ለምና ነበር። የጽሕፈት ቤትዎ ኮሚቴ ግን የተንጠለጠለ ነገር ለዐይን አያምርም፣ ጀልባዎቹ በጉብኝት ቀን ወጥ መልክ ሊኖራቸው ይገባል ብሎ መብሳቱን መረጠ። እውነትም ያምራል። ቀዳዳው ከውኃ በታች ስለሆነ ማንም አያየውም።

2. ስለ አተካከሉም ምስጋናዬ ከፍ ያለ ነው። የጀልባችን ሆድ እንደ ተገለበጠ የቤት ክዳን ግራና ቀኝ ያዘቀዘቀ ነው። ባለሙያዎችዎ ጆሮውን በቀኙ ተዳፋት ላይ እንዳለ ስለተከሉት፣ ወደ ታች በማየት ፈንታ አንገቱን እንዳዞረ ሰው ወደ ጎን ያያል። ስክሪኑ አንዳንዴ ጭራሽ ባዶ ይሆናል፣ አንዳንዴ ደግሞ የሌለ ጥልቀት ይጠራልናል፤ ዳር ደርሰን የጀልባዋ አፍንጫ ደለል እየቧጠጠ እንኳ ገና ጥልቅ ነው ይለናል። ይህንኑ ለባለሙያዎችዎ ብናመለክት ጆሮው ከውኃው ጋር እስኪላመድ ታገሡት ተባልን። እየታገሥነው ነው።

3. የምረቃውን ቀንስ እንዴት እረሳዋለሁ! ጀልባችን አዲስ ቀለም ተቀብታ፣ አሸዋው ላይ በእንጨት ተደግፋ ተቀምጣ ነበር። ባለሙያዎ ስክሪኑን ቢከፍተው፣ የዓሣው ብዛት ጉድ ነው! ትልቁ ከትንሹ እየተጋፋ ይተማል። እኔ ሞኙ ማይክ ሲሰጠኝ፣ እስከ ዛሬ በዳበሳ ነበር የምንኖረው፣ ከእንግዲህ ዐይናችን በራ ብዬ ተናገርኩ። ዕድሜዋን ሙሉ መሪ የያዘችው እኅቴ ፊት ለፊቴ ቆማ ትሰማኛለች። በረዶ ሻጩ ከኋላ ሆኖ፣ ጀልባዋ አሸዋ ላይ ናት፣ ዓሣው ከየት መጣ ብሎ ቢጠይቅ ሰዉ ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ደግሞ አንተ ቴክኖሎጂ ምኑም አይገባህም ብዬ በዚያው በማይክ አፉን አስያዝኩት። ስክሪኑ ሱቅ ውስጥ ገዢ ለማማለል ተብሎ የተጫነ የውሸት ዓሣ እንዳለው የሰማነው ጭብጨባው ካለቀ በኋላ ነው። ፎቶው የተነሣው ግን ከጭብጨባው በፊት ነው፤ ጥርሴ አንድ ሳይቀር ይታያል።

4. በተበሳው በኩል ውኃ ይገባል። ባለሙያዎችዎ ዙሪያውን የቀቡት ሲሊኮን የተባለ ማሸጊያ ሙጫ ከሐይቁ ጋር ሊስማማ አልቻለም። እኅቴ በአንድ እጇ መሪውን ይዛ በሌላው ቆርቆሮ ታቀብለኛለች፣ እኔ ጎንበስ ብዬ ውኃውን እየቀዳሁ እደፋለሁ። እስከ ዛሬ አንዲት ክፉ ቃል አልወጣትም። ብትሰድበኝ፣ ብትጮህብኝ በወደድኩ! ውኃ ገባ እንኳ አትለኝም፤ ቆርቆሮውን ብቻ ትዘረጋልኛለች። እሷ ስትዘረጋልኝ እኔ ቀና ብዬ ላያት አልችልም።

5. ሰኞ ባለሙያዎችዎ መሰርሰሪያቸውን ይዘው ወደ መረብ ጠጋኟ ጀልባ እንደሚሄዱ ሰምቻለሁ። ሴትየዋ ባሏ ከሞተ ወዲህ ያለቻት ያቺ ጀልባ ብቻ ናት፤ እሷን ለዓሣ አጥማጆች እያከራየች ነው ልጆቿን የምታበላው። ሳንቃዋ አርጅቷል፣ ከእኛዋም የሳሳ ነው፤ አንዴ ከበሷት ዳግም ውኃ ላይ መውጣቷን እንጃ። ትበሳልኝ ብላ የተስማማችው ደግሞ የእኔን ፎቶ አይታ ነው። በቀደም የጠገነችልኝን መረብ ይዛ ቤቴ መጣችና፣ ወንድሜ፣ ዕቃው የእውነት ይሠራል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። በማይክ እንደዚያ የደነፋሁት ሰውዬ ዐይኔን መረቡ ላይ ተከልኩ። አፈርኩ። ሞኝ ተደረግኩ ማለት አቃተኝና ጥሩ ነው አልኳት። አመስግናኝ ሄደች። ከዚያ ወዲህ እውነቱን ልነግራት ብዬ እስከ ደጇ እየሄድኩ፣ በሩን ሳላንኳኳ እየተመለስኩ አለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ደብዳቤው በእርስዎ ስም ይጻፍ እንጂ፣ ዓሣ መመዘኛው ግድግዳ ላይ የምለጥፈው መረብ ጠጋኟ በየማለዳው እዚያ ስለምትቆም ነው። ፊት ለፊት መናገር ያቃተው ፈሪ ሰው ያለው መላ ይኸው ነው። ስለዚህ አንድ አፍታ እርስዎን አልፌ ለእሷ ልንገራት።

እትዬ፣ ዕቃው አይሠራም። ያን ቀን የነገርኩሽ ውሸት ነው፤ አፍሬ ነው የዋሸሁሽ። ልጆችሽን በምታበዪበት ነገር ላይ ዋሸሁሽ፣ እንዴት ብዬ ዐይንሽን እንደማይ አላውቅም። ጀልባሽን አታስበሺ። ሰኞ እነሱ ከመምጣታቸው በፊት መጥቼ ጀልባሽ ውስጥ፣ ሊበሱት ባሰቡት ሳንቃ ላይ እቀመጣለሁ። ካፈርኩ አይቀር ሰው ሁሉ እያየኝ ልፈር።

ለሰጡኝ ማዕረግ፣ ለጀልባችን ቀዳዳና በር ላይ ለሚስቀው ፊቴ ውለታዎን መክፈል የማይቻለኝ፣ ወገቤ እስኪቆረጥ ውኃ ስደፋ እንኳ ጽሕፈት ቤትዎን ሳላነሣ የማልውል፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የቀድሞው ሞዴል ዓሣ አጥማጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የመሣሪያውን ካርቶን ልጥል ስል ከሥሩ አንድ የፕላስቲክ ሽብልቅ አገኘሁ። ካርቶኑ ላይ ካለው ሥዕል እንደተረዳሁት፣ ሆዷ ባዘቀዘቀ ጀልባ ላይ ጆሮው ቀጥ ብሎ ወደ ታች እንዲያይ ከሥሩ የሚደረገው እሱ ነው። ባለሙያዎችዎ የማሸጊያ ዕቃ መስሏቸው ትተውት ሄደዋል። አሁን እኅቴ የወጥ ቤቷ በር በነፋስ እንዳይዘጋ ከሥሩ ትወትፈዋለች፤ ጽሕፈት ቤትዎ ከሰጠን ዕቃ ሁሉ እስካሁን ሥራውን በትክክል የሚሠራው እሱ ብቻ ነው።