ያልተሰማኝ ሙቀት

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ቃጠሎው የመዳፌን ግማሽ ያክላል። ሁለት ቦታ ውኃ ቋጥሯል። አላመመኝም። የሚያስፈራኝም እሱ ነው።

ባለፈው ዓመት ካንሰሩ ገና ሲጀምር ተገኝቶ ግራ ጡቴን አነሱት። ከአምስት ሳምንት በፊት ደግሞ አዲስ አበባ ላይ ከሆዴ ሥጋና ቆዳ ወስደው አዲስ ጡት ሠሩልኝ። ሐኪሙ ሲያሰናብተኝ ብርድ እንዳይመታኝ አስጠንቅቆኛል። እኔ ደግሞ የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፤ ያውም በኅዳር።

እማዬ ልታስታምመኝ ከአንኮበር መጥታለች። ዛሬ ከምሳ በኋላ ትኩስ ውኃ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታ፣ በነጠላ ጠቅልላ ደረቴ ላይ አስቀመጠችልኝ። እንቅልፍ ወሰደኝ። ጠርሙሱ ከነጠላው ሾልኮ ቆዳዬ ላይ አርፏል። ሌላ ሰው ቢሆን ይነቃ ነበር። አዲሱ ቆዳ ግን ገና ምንም አይሰማውም።

ረቡዕ፣ ኅዳር 10

ጤና ጣቢያ ሄድን። ነርሷ ሲስተር ዓለም ቁስሉን አጥባ በፋሻ ሸፈነችው። እብጠት ስላለ ከሥሩ ደም ይዙር አይዙር መለየት አልቻለችም። ፎቶ አንስታ ለሐኪሙ ላከች። መልሱ፦ ዓርብ እንደገና ይታይ፤ ከጠቆረ ወዲያው አዲስ አበባ ትምጣ።

ከሄድኩ ምን እንደሚሆን አልጻፈም። አውቀዋለሁ። ያነሱታል። ሁለተኛ ጊዜ።

እማዬ ቀኑን ሙሉ አልተናገረችም። ቀዶ ጥገናውን ከመጀመሪያውም አልወደደችውም። "በአርባ ስድስት ዓመትሽ ማን ሊያይሽ ነው?" ብላኝ ነበር። "እኔ" አልኳት ያን ጊዜ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

የሚያሳስቡኝ፦ መጥቆር። ሽታ። የእማዬ ዝምታ።

ረፋዱ ላይ ዝምታው ተሰበረ። "ተቆጪኝ እንጂ፣ አንቺ ልጅ" አለች።

"ምን ብዬ?"

"ወጥ ሳይቀር ታሳርሪያለሽ በይኝ። አባትሽ ነፍሱን ይማረውና እንዲያ ይለኝ ነበር።"

ሳቅሁ። የሆዴ ስፌት ሳበኝና አመመኝ። ቢያንስ እሱ ይሰማዋል።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ኅዳር ሚካኤል። እማዬ ንግሡን ትታ አብራኝ ጤና ጣቢያ መጣች። "ሚካኤል ያለሁበትን ያውቃል" አለች።

ሲስተር ዓለም ፋሻውን ፈታች። በጣቷ ጫን አደረገችው፤ ነጣ። ለቀቀችው፤ ቀላ። ሌላ ቦታ ደገመችው።

"ደሙ ይዞራል" አለች። "የተቃጠለው ላይ ላዩ ነው። ሥጋው ደህና ነው።"

ሐኪሙም በስልክ ምስሉን አይቶ "መምጣት አያስፈልጋትም" አለ። በቃ።

"ጥፋተኛዋ እኔ ነኝ" አለች እማዬ።

"ጥፋተኛው የደብረ ብርሃን ብርድ ነው፣ እማማ" አለቻት ሲስተር ዓለም። "ከእንግዲህ ልብስ ይደርቡላት እንጂ ትኩስ ነገር አያስጠጉባት።"

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ፋሻ ስቀይር እማዬ መስተዋቱን ያዘችልኝ። እስከ ዛሬ ፊቷን ታዞር ነበር። ዛሬ አየችው። ስፌቱን፣ ቃጠሎውን፣ ግራውን፣ ከዚያ ቀኙን።

"ይኼኛው ቀና ብሏል" አለች። "ያንን አሮጌውን ምን ልታደርጊው ነው?"

"ከፈለግሽ ኋላ ከፍ ይደረጋል ብሎኛል ሐኪሙ።"

"እንግዲህ ከጀመርሽው አይቀር" አለችና ሁለት ሹራብ ደርባ አልብሳኝ ቁልፎቹን አንድ በአንድ ቆለፈችልኝ።

የቃጠሎው ጠባሳ ይቀር እንደሆነ ገና አይታወቅም።