ተሳቢ የሌለው እጥበት

ሐረር፣ ሐኪም ጋራ
ጥር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለአባ ወልደ ጊዮርጊስ፣

በጸሎትዎ ተደግፌ የምኖር እናትዎ ገላነሽ፣ በናፍቆት ሰላም እልዎታለሁ።

እዚህ ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ። የንስሐ አባቴን ጠይቄያቸው ነበር፤ "ቢወልዱትም መነኩሴ ነው፣ በክብር ይጥሩት" አሉኝ። እሺ ብዬ ነበር። ግን "እርስዎ" ስልህ የማላውቃቸው ሽማግሌ ፊት የቆምኩ ይመስለኛል፤ የማወራው ሁሉ ይጠፋብኛል። ስለዚህ ሄኖኬ፣ ከዚህ በታች አንተ ነህ። አበምኔቱ ካዩት እናቴ አርጅታለች በላቸው።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ። ኩላሊቴ ደህና ነው። የማሳጥበው ጥርሴን ነው።

ይህችን አጭር ነገር ለመጻፍ ከትናንት ጀምሮ ስነሣ ስቀመጥ ነበር። ለምን እንደከበደችኝ ወደ ታች ስትወርድ ይገባሃል።

*

ጎረቤታችን እንደሻው ትናንት ከገዳማችሁ ተመልሶ ገባ። ቤቱ ሳይደርስ፣ ሻንጣውን እንደያዘ በእኔ በር ቆመ። ልብስ አጥቤ ገመድ ላይ ሳሰጣ ነበር።

"እትዬ ገላነሽ! ምን እያደረጉ ነው? ይቀመጡ እንጂ!"

"ምን ሆኜ?"

"አይ፣ ያው… እጥበት ላይ ያለ ሰው ብዙ አይቆምም ይላሉ።"

"የምን እጥበት?"

ድምፁን ዝቅ አደረገ። ወታደር የነበረ ሰው ድምፁን ዝቅ ሲያደርግ ያስፈራል። "የኩላሊቱ ነዋ። ስሄድ ለልጅዎ ምን ልበልልዎ ብዬ አልጠየቅኩዎትም? 'ለእጥበት እየሄድኩ ነው፣ ቸኩያለሁ፣ ደህና ናት በለው' አሉኝ። የአጎቴ ልጅም እጥበት ላይ ነው፤ እሱም በጠየቅነው ቁጥር ደህና ነኝ ነው የሚለው።"

"እንደሻው፣ የማሳጥበው ጥርሴን ነው።"

ሻንጣውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

"ጥርስ?"

"ጥርስ።"

"አቦ እትዬ ገላነሽ! እኔ ያንን ሁሉ ተራራ ወጥቼ፣ ለጥርስ ነው መነኩሴ አስለቅሼ የመጣሁት?"

ሳቅሁ። ከዚያ ማልቀስህ ገባኝና ሳቁ ቆመ።

ዕድሜዬን ሙሉ አማርኛ ያስተማርኩ ሴት ነኝ። "ምንን? ማንን? ተሳቢው የታለ?" እያልኩ የስንቱን ልጅ ደብተር በቀይ አቅልሜአለሁ፤ ያንተንም ጭምር። ራሴ ግን ባጃጅ እየጠበቀኝ ተሳቢውን ጥዬው ሄድኩ። ለእጥበት። የምን እጥበት? ዛሬ ያ ቃል ብቻውን ሲነገር ሰው የሚታየው ማሽንና ደም ነው። እንደሻው ባዶውን ቦታ በአጎቱ ልጅ ሞላው። አንተ ደግሞ በእኔ ሞት ሞላኸው።

ድንጋይ ላይ ተቀምጠህ ቆብህን ወደ ዓይንህ እንደሳብከው ነገረኝ። ከዚያ ወደ አበምኔቱ ገብተህ እንደወጣህ። "እናትህ ታማለችና ሂድ ብለውኛል፣ ጾሙ ሳይገባ እመጣለሁ በላት" እንዳልከው።

እመጣለሁ በላት። ይህንን ደግሞ ደጋግሜ አስነገርኩት። "በትክክል እንዴት አለ?" እያልኩ። እንደሻው ተሰላችቶ፣ "እመጣለሁ አለ እትዬ፣ ሌላ ምን ይበል?" አለኝ።

*

ትንሽ ተቀመጠ። ውሃ ሰጠሁት። ከዚያ ወደ ልብሱ ገመድ እያየ፣

"ዝም ቢሉስ?" አለኝ።

"ምን ማለት ነው?"

"ይምጣ ተዉት። ከመጣ በኋላ ያውቀዋል። እግዚአብሔር በእኔ ስህተት እያመጣው እንደሆነስ በምን አወቁ?"

"በውሸት ያመጣዋል?"

"ማን ዋሸ? እርስዎ እጥበት አሉ። እኔ እጥበት አልኩ። እሱ እጥበት ሰማ። የቱ ጋ ነው ውሸቱ?"

ሰዋስው እንጂ ሃይማኖት አላስተማርኩም።

እሱ ከሄደ በኋላ ያደረግሁትን ልንገርህ። ክፍልህን ከፈትኩ። ፍራሽህን ጎትቼ አውጥቼ ፀሐይ ላይ አሰጣሁት። አንሶላ መረጥኩ። ከዚያ ወንበር ላይ ስቀመጥ ቀስ ብዬ፣ እጀታውን ይዤ መቀመጤን አየሁ። እንደ በሽተኛ። ማንም አላየኝም። ብቻዬን ቤት ውስጥ፣ አንተ ስትመጣ የምቀመጥበትን አቀማመጥ እየተለማመድኩ ነበር። አፈርኩ። ተነሥቼ ቀጥ ብዬ ቆምኩ። ማን እንዲያይልኝ እንደሆነ አላውቅም።

ወዳጄ ንግሥት ነገ ማለዳ ወደ እናንተ ትነሣለች፤ የስለት ጉዞ ነው። ደብዳቤ ካለሽ እወስድልሻለሁ ብላለች። ካልሰጠኋት ትመጣለህ። ከሰጠኋት ገና ሳትነሣ ይደርስሃል። ይኸው እየጻፍኩ ነው።

*

ጥርሴን ለምን እንደማሳጥብ ጠይቀኸኝ አታውቅም። መቼ ተገናኝተን።

ከአባትህ የተነሣ ነው። ሽፈራውን አንተ የምታስታውሰው በድምፁ ነው። ፍርድ ቤት በር ላይ ቆሞ ባለጉዳይ በስም ሲጠራ መንገድ ማዶ ሻይ የሚጠጣው ሰው ዘወር ይል ነበር። የሰው ስም በእሱ አፍ ሲጠራ ክብር ነበረው፤ የተከሳሽም ቢሆን።

ድዱ ይደማ ነበር። ጠዋት ትራሱ ላይ አየዋለሁ። "ሐኪም ይየው እንጂ" ስለው "አያመኝም" ይለኛል። ያላመመውን ሰው ሐኪም ቤት ምን ያደርሰዋል? በመፋቂያ በደንብ ይፍቃል፣ ጥርሶቹ ነጭ ናቸው፣ አንድም የተቦረቦረ የለም። ከዚያ እነዚያ ነጭ ጥርሶች መነቃነቅ ጀመሩ። አንዱ ቆሎ ሲበላ እጁ ላይ ቀረ፤ እንደ ቆሎ ፍሬ እያገላበጠ አየው። ሌሎቹ ተከታተሉ። ቆሞ የሚጠራበትን በር ትቶ መዝገብ ቤት ልቀመጥ ብሎ ጠየቀ። ድምፁ ነበረ፤ ስሞቹ ግን በድዱ መካከል እየሾለኩ ይበላሹበት ነበር።

የፊት ጥርሶቹን የነቀሉለት አንተ ወደ ገዳም በሄድክበት ሳምንት ነው።

ለእንደሻው፣ "አባቴ ሳይመርቀኝ ነው የወጣሁት" ብለኸዋል። ነገረኝ። ይህን ሁሉ ዓመት ይህን ይዘህ መኖርህን አላውቅም ነበር።

ሄኖኬ፣ መናኸሪያው ላይ አባትህ እጁን አፉ ላይ ጭኖ የቆመው ተቆጥቶ አይደለም። ሰው ነበረ፤ የፍርድ ቤት ባልደረቦቹ ሊሸኙህ መጥተው ነበር። አፉን ከፍቶ እንዳያዩት ነው። አውቶቡሱ ሲወጣ ከግንቡ ጥግ ዞረ፣ ፊቱን ወደ ድንጋዩ አድርጎ ስምህን ጠራ። መረቀህ። ረጅም ምርቃት ነበር። ግማሹ ቃል አይለይም፤ እኔ ግን ከኋላው ቆሜ ሁሉንም ሰምቻለሁ። "ለማንም እንዳትነግሪ" አለኝ። አሁን የሚያፍረው እሱ የለም። ሲሞት ለመምጣት ብትጠይቅ ለታመመ እንጂ ለሞተ ፈቃድ አልነበረም፤ ከዚያው ሆነህ ጸለይክለት። ይህንን ጨምርበት። ተመርቀሃል።

*

ከእሱ ሞት በኋላ የእኔም ድድ ደማ። ያኔ ነው ወደ ጥርስ ሐኪሟ ወደ ሀናን የሄድኩት። ፈረስ መጋላ፣ ከጨርቅ ሻጮቹ በላይ ባለው ፎቅ ትሠራለች። ተማሪዬ ነበረች፤ ወሬኛ፣ የኋላ ወንበር። አሁን ነጭ ካፖርት ለብሳ "ይክፈቱ ቲቸር፣ ይክፈቱ። ዝም በይ ሲሉኝ የነበረውን ዛሬ አገኘሁዎት" ትለኛለች። በየስድስት ወሩ እሄዳለሁ። መሣሪያው ይጮኻል፣ ውሃው ይረጫል፣ ከጥርሴ ሥር የተጋገረው ድንጋይ እየተፈረፈረ ይወጣል። ድዴ መድማት ካቆመ ቆየ። በዚህ ዕድሜዬ ቆሎ እበላለሁ።

ሌላም አለ። ሀናን ስትሠራ ግራ እጇን ጉንጬ ላይ ታደርጋለች። አባትህ ካለፈ ወዲህ ፊቴን የሚይዝ ሌላ ሰው የለም። ስትጨርስ "ተነሡ" እስክትለኝ ዓይኔን ጨፍኜ እቆያለሁ።

ይህን ለአበምኔቱ አታንብብላቸው።

*

አሁን ወደ አንተ ልምጣ። እንደሻው ሊወጣ ሲል፣ ነገሩን ቀላል አድርጎ፣ "ልጅዎ ግን የገዳሙን ዳቦ፣ ዳቤውን፣ በአንድ ጎኑ ብቻ ነው የሚያኝከው" አለኝ። "ሲፍቅም ደም ተፋ። ምነው አባ ስለው፣ ምንም አይደል አያመኝም አለኝ።"

አያመኝም።

ይህንን ቃል ከአንድ ሌላ ሰው ብቻ ነው በዚያ አነጋገር የሰማሁት።

ዛሬ ረፋድ ፈረስ መጋላ ወረድኩ። ሀናን ገና ስታየኝ፣ "ቲቸር! በቅርብ አይደል እንዴ ያጠብኩልዎ? ጥርስ ጨመሩ?" አለች።

ነገርኳት። መቀለዷን ተወች።

"ሲፍቅ ይደማል? በአንድ ጎን ያኝካል?"

"አያመኝም ይላል።"

"አያምማ! ክፋቱ እሱ ነው። የሚያም ቢሆንማ ሁሉም በጊዜ ይመጣልኝ ነበር። ሲያማቸው እኔ ጋ አይመጡም ቲቸር፤ የሚነቅል ፍለጋ ነው የሚሄዱት።"

"በደንብ ይፍቃል እኮ።"

"መፋቂያ ጥሩ ነው፤ እኛስ ሲዋክ እንል የለ? ግን ድንጋይ ሆኖ ድድ ሥር የገባውን መፋቂያም ብሩሽም አይነካውም። በመሣሪያ ነው የሚነሣው። ከተነሣ ደግሞ ወላሂ ድዱ ይመለሳል፤ ጥርሱ ሳይነቃነቅ ከደረስንበት።" ጓንቷን እያወለቀች፣ "እኛ ጀጎል ውስጥ ግድግዳ የምንቀባው ፈርሶ ነው እንዴ? በየዓመቱ ስለምንቀባው ነው ያልፈረሰው" አለችኝ።

"መነኩሴ ነው። በየዓመቱ ከየት ይመጣል?"

"አንዴ ይምጣልኝ። ከዚያ በኋላ ቅርብ ባለ ከተማ ይቀጥላል። ቀጠሮ ልያዝለት? ስሙን ማን ልበል?"

ተጠባባቂዎቹ ሁሉ ይሰሙኝ ነበር። ወልደ ጊዮርጊስ ልላት አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

"ሄኖክ ሽፈራው!"

ጮኼ ነበር መሰለኝ፤ በሩ አጠገብ የተቀመጡ አንድ ሰውዬ "የለም፣ አልመጣም" ብለው መለሱልኝ። ሀናን ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። ከአባትህ ወዲህ ይህን ስም በዚያ ድምፅ የጠራው የለም።

ጾሙ ሳይገባ ነው ቀጠሮው።

*

እንግዲህ ተሳቢውን በቦታው አስቀምጬልሃለሁ። እናትህ ደህና ናት። የሚታጠበው ጥርስ ነው። ይህን ደብዳቤ ለአበምኔቱ አንብብላቸው፤ በእኔ ምክንያት የተሰጠህን ፈቃድ መልስላቸው። ደህና ለሆነች እናት ፈቃድ እንደሌለ አውቃለሁ፣ አልጠይቅምም።

ለሚደማ ድድ ግን ፈቃድ አለ። እንደሻውን ጠይቄዋለሁ፤ ለሕክምና የወጡ መነኮሳት አይቻለሁ ብሎኛል። ያንን ጠይቃቸው። በእኔ ስም አይደለም፤ በአባትህ ስም። አፍህን በእጅህ ሸፍነህ የምትቀድስበት ቀን እንዳይመጣ።

ቅርብ ከተማ ታጥበህ ብትመለስም ይበቃኛል። የመታጠብህን ወሬ ብቻ ላክልኝ።

በማኅሌቱ ድምፅህ አይሰበር። የምትቆምበት እግር፣ የምትዘረጋው እጅ፣ የእግዚአብሔርን ስም የምትጠራበት አፍ እስከ እርጅና ይጽናልህ። የአባትህ ምርቃት በደረሰበት የእኔም ይድረስ።

እናትህ፣
ገላነሽ

ፍራሹን እስካሁን አላስገባሁትም። ፀሐዩ ጥሩ ስለሆነ ነው።